«ሳይቆጠር አይነቀልም»፦ ስለ ወይዘሮ ዘነበች ዳልኬ

ወይዘሮ ዘነበች ዳልኬ በነሐሴ ዝናብ መካከል፣ ሶዶ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው አርፈዋል። መርዶው ለወዳጆቻቸው፣ ለቀድሞ ባልደረቦቻቸው፣ በገሱባ ቆላ ላሉት ገበሬዎቻቸውና አብረዋቸው ለዘመሩት የቤተ ክርስቲያን እኅቶቻቸው ሁሉ ደርሷል። እኔ የሰማሁት ሻንቶ ገበያ አጠገብ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። አጠገቤ የነበረ አንድ የማውቀው የልማት ሠራተኛ ስልኩን ከጆሮው አነሣና «ያቺ የአረሟ ሴትዮ አረፈች አሉ» አለኝ። ባጃጁን አስቁሜ ወረድኩ። ዝናቡ እላዬ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ደግሞ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ቀድሞኝ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ለፍተው የተረፋቸው ስም «የአረሟ ሴትዮ» መሆኑ አንገበገበኝ።

በለቅሶ ሰሞን ቁጣ አያምርም፣ ትንሽ ቆይተሽ ልብሽ ሲረጋ ጻፊ ብለው የመከሩኝ አሉ። ልቤ እስኪረጋ ብጠብቅ የምጽፈው እንደ ሌሎቹ የመታሰቢያ ጽሑፎች ለስላሳ ይሆናል፣ ጥፋተኛውም በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ አሁኑኑ ጻፍኩ። ስለ ወይዘሮ ዘነበች የምጽፈው በሙሉ አክብሮት ነው። ከዚህ በታች ስለሚመጣው አለቃ ግን ማንም ከእኔ አንቱታ አይጠብቅ። ስሙንም አልጠራውም፤ እርሳቸው በሚታወሱበት ወረቀት ላይ ቦታ አላባክንለትም።

እኔ ታደለች እባላለሁ። አሁን ሻንቶ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት ሶዶ ላይ የወይዘሮ ዘነበች ረዳት ነበርኩ። የማውቀውን ሥራ ሁሉ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው።

አቀንጭራን ለማያውቅ ልንገር። በማሽላና በበቆሎ ማሳ ውስጥ የሚወጣ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው፣ ለዓይን የሚያምር አረም ነው። ብቅ ሳይል በፊት፣ ገና ከመሬት በታች ሳለ፣ ሥሩን ከእህሉ ሥር ላይ ተክሎ ይጠባል። ገበሬው አበባውን በሚያይበት ጊዜ ማሽላው ተበልቷል። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል የምታራግፈውን ማንም ለቅሞ አይጨርሰውም። ያ ዘር አፈር ውስጥ ለዓመታት ይተኛል፤ የሚነቃው የእህል ሥር አጠገቡ ሲደርስ ነው። ከገሱባ በታች ባለው ቆላ፣ መሬታቸውን ለዚህ አረም ለቀው ለቀን ሥራ ወደ ሩቅ እርሻዎች የተሰደዱ ቤተሰቦች ነበሩ። ወይዘሮ ዘነበች የተወለዱት እንደነዚህ ካለ ቤተሰብ ነው። አባታቸው ማሳቸውን ጥለው ሲወጡ እርሳቸው ልጅ ነበሩ። ስለዚህ ነገር ደጋግመው አያወሩም፤ ወሬው ከተነሣ ግን «አባቴን ያሰደደው ጠላት አበባ ነበረው» ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ሶዶ ሲመለሱ ብዙው ባለሙያ ስለሚረጭ ኬሚካል ነበር የሚያወራው። እርሳቸው ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ዐረፈ። ክፉኛ በተወረረ ማሳ ውስጥ እንኳ እዚህም እዚያም አንዳንድ ማሽላ ሳይነካ ቆሞ ይገኛል። ሌላው ሰው ዕድል ነው ብሎ ያልፈዋል። እርሳቸው ከዚያ ማሽላ ሥር አፈር ጭልፍ አድርገው በላስቲክ ቋጥረው ያመጣሉ። አፈሩን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጠው፣ ደጋግመው አቅጥነው፣ በመስታወት ሳህን ላይ ያፈሱታል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሳህኑ ላይ ነጫጭ፣ ቢጫ፣ አንዳንዴም እንደ ቅቤ የሚያብለጨልጩ ጠብታዎች ያድጋሉ። እያንዳንዱ ጠብታ የባክቴሪያ መንደር ነው። ከእነዚያ መካከል በእህል ሥር ዙሪያ ተቀምጠው የአቀንጭራን ዘር የሚያበሰብሱ፣ ወይም እንዳይበቅል የሚከለክሉ አሉ። የወይዘሮ ዘነበች የዕድሜ ልክ ሥራ እነዚያን መርጦ፣ አራብቶ፣ ከዘር ጋር አሽቶ መልሶ ወደ ማሳው መላክ ነበር።

ቤተ ሙከራችን አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን በብርድ ልብስ እንጠቀልለዋለን። ዕቃውን ከጀርም ለማጽዳት የምንቀቅልበት ማሽን ስለሌለን ከቤታቸው ያመጡት ትልቅ የግፊት ብረት ድስት ነበር የሚያገለግለን፤ ፉጨቱን ሲሰሙ ከጎረቤት ቢሮ ያሉ ጸሐፊዎች ምሳ ደረሰ ወይ እያሉ ይቀልዱብናል። ወይዘሮ ዘነበች ከሁሉም ጋር ይስቃሉ። ሳህኖቹን ሲከፍቱ ግን ማንም እንዲያወራ አይፈቅዱም ነበር፤ ከአፋችን የሚወጣው ትንፋሽ እንኳ ሥራ ያበላሻል።

የገበሬዎቹ ፍርሃት ሌላ ነበር። ከገሱባ በታች ባለ ቀበሌ የሚኖሩት አቶ አንጁሎ መጀመሪያ ላይ ጀርም ነው የምታመጪብኝ፣ ልጆቼ ይታመማሉ ብለው ዘሩን አልቀበልም ብለው ነበር። ወይዘሮ ዘነበች አልተከራከሯቸውም። ባለቤታቸው፣ የማርቆስ እናት፣ ያቀረቡትን እርጎ ጠጥተው ሲጨርሱ እርጎውን ያረጋው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያም በወላይትኛም በአማርኛም እያፈራረቁ ነገሩን እንዲህ ሲሉ አስረዱ፦ «አቀንጭራ ተኝቶ የሚጠብቅ ሌባ ነው። የማሽላው ሥር ሲደርስ ነው የሚነሣው። እኔ የማደርገው በሩ ላይ ዘበኛ ማቆም ነው። ዘበኞቹም ከዚሁ ከእናንተ አፈር የተቀጠሩ ናቸው።» አቶ አንጁሎ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬታቸውን ሰጡ።

የሰጡት መሬት አንድ መደብ ብቻ አልነበረም። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ይሰማልኝ። ጎን ለጎን ሁለት መደብ ይዘራል። አንዱ ላይ በባክቴሪያ የታሸ ዘር፣ ሁለተኛው ላይ እንዲሁ ያልታሸ። ያልታሸው መደብ በአቀንጭራ መወረር አለበት። ካልተወረረ የታሸውን መደብ ያዳነው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። አቀንጭራው አብቦ፣ በሁለቱም መደብ ውስጥ ያለው አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ ከዚያ በኋላ ዘሩን ሳያራግፍ ተነቅሎ ይቃጠላል። ለገበሬ ይህ ከባድ ነገር ነው። አረም እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሰነፍ ሥራ ነው፣ ጎረቤትም ይስቃል። ወይዘሮ ዘነበች ሁልጊዜ «ሳይቆጠር አይነቀልም» የሚሉት ለዚህ ነበር። ለእኔ፣ ለገበሬዎቹ፣ ለልማት ሠራተኞቹ ሁሉ ይህችኑ ይሉ ነበር። ያልታሸው መደብ የሚያጎድለውንም እህል ከራሳቸው ቤት እያመጡ ለአቶ አንጁሎ ይተኩላቸው ነበር፤ ይህን መሥሪያ ቤቱ አያውቅም።

ዘሩ የሚታሸው ሶዶ ላይ ነው። ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። ስለዚህ በእርጥብ ጆንያ አድርገው፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው ወደ ገሱባ የሚሄዱት። የሚኒባስ ረዳቶች ከላይ እንጫነው ሲሏቸው ይጣላሉ። በመስኮት በኩል አይቀመጡም። አንድ ጊዜ ግን መንገድ ላይ አንዲት ምጥ የያዛት ወጣት ወደ ጤና ጣቢያ ልትሄድ ተሳፈረች። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ልጅቷ ትጮኻለች። ወይዘሮ ዘነበች ያን ለማንም የማይሰጡትን ጆንያ ለረዳቱ ሰጡና ልጅቷን ደግፈው ያዙ። ረዳቱም ጆንያውን ጣሪያ ላይ ወረወረው። ጤና ጣቢያው ደርሰን፣ እናቲቱ በሰላም ተገላግላ ስንወጣ ዘሩ በፀሐይ ግሏል። እኔ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እርሳቸው ጆንያውን ዳበስ አድርገው «እንደገና አሽተን እንመጣለን፤ ልጁ ግን እንደገና አይመጣም ነበር» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ መንገድ በዚያው አቧራ ሄድን።

እንዲህ ባሉ ሴት ላይ ነው እንግዲህ ቀጥሎ የምነግራችሁ የተደረገው።

ዘመኑ ሁሉም ነገር በዘመቻ የሚሠራበት ነበር። የልማት ሠራዊት፣ አንድ ለአምስት፣ ጠዋት ስብሰባ፣ ማታ ሪፖርት። ሙከራው ጥሩ እየሄደ ነበር። ያ የክረምት ወቅት ከተቆጠረና ካለፉት ወቅቶች ጋር ከተያያዘ፣ የታሸው ዘር ለቆላው ገበሬ ሁሉ እንዲዳረስ ሊወሰን ነው። ለዚህ ትልልቅ እንግዶች ከላይ መጥተው ማሳውን እንዲያዩ የመስክ ቀን ተዘጋጀ። ወይዘሮ ዘነበች ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የመሥሪያ ቤታችን አለቃ ግን ከመስክ ቀኑ በፊት በነበረው ቀን ማሳውን ሊያይ ወረደ። ያልታሸውን መደብ አየና ፊቱ ጠቆረ። አረም የወረሰው ማሳ ለእንግዳ ይታያል ወይ፣ ሊያዋርዱን ነው ወይ አለ። እርሳቸው ሶዶ ላይ ነበሩ። ማንም አልደወለላቸውም። አለቃው የቀበሌውን ሰው በአንድ ለአምስት አስጠርቶ መደቡን እስከ መጨረሻው አስነቀለው።

አቶ አንጁሎ ለመናገር ሞክረው ነበር። ሳይቆጠር አይነቀልም ብለው እርሳቸው እንዳስተማሯቸው ነገሩት። አለቃው ደግሞ ይህን ያህል ዓመት ተምራችሁ አረም ትንከባከባላችሁ ወይ ብሎ ሳቀባቸው። ሕዝቡ በቅንነት ነቀለ። እየረገጠ፣ እያራገፈ፣ ከአንዱ መደብ ወደ አንዱ እየተሻገረ ነቀለ። የተነቀለውን ማሳው ዳር ከመረው። ያልተቃጠለው ክምር ዘር በነፋስ ወዴት ወዴት እንደሄደ የጎረቤቶቹ ማሳ በሚቀጥለው ዓመት ተናገረ።

በማግስቱ ጠዋት ከእንግዶቹ ጋር ወረድን። ወይዘሮ ዘነበች ከመኪና ወርደው ማሳውን ሲያዩ ቆመው ቀሩ። ሁለቱም መደብ ንጹሕ ነው። አለቃው እየሳቀ መጥቶ ሌሊቱን ሳንተኛ ነው ያጸዳንልዎት አላቸው። ያኔ እርሳቸው አንድ ቃል ብቻ ጠየቁት።

«ቆጠራችሁት?»

አልገባውም። የሚቆጠር ምን አለ ብሎ መለሰ። ወደ ክምሩ ሄደው ጎንበስ አሉ፣ ከጠወለጉት አንዱን አነሡ፣ አበባውን አዩና መልሰው አስቀመጡት። ለእንግዶቹ ማብራሪያ ሲሰጡ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ወዳጆቼ፣ ከዚህ በኋላ የመጣውን ስሙ። እንግዶቹ ማሳውን ዞረው አዩ። ያልታሸውም መደብ አቀንጭራ የለውም፣ የታሸውም የለውም። ሪፖርት ተጻፈ። ሪፖርቱ በሁለቱ መደቦች መካከል ልዩነት አልታየም አለ። ልዩነቱን በእጃቸው ነቅለው ማሳ ዳር ከምረውት ልዩነት አልታየም አሉ። ስለዚህ ሥራው አይቀጥልም ተባለ። በዚያው ሰሞን አለቃው ሕዝብ በማስተባበር ተሸለመ፤ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። የእኛ ቤተ ሙከራ የማዳበሪያ ጆንያ መጋዘን ሆነ። ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ሴት፣ አፈር ውስጥ ያለውን የማይታይ ነገር ማየት የሚችሉ ሴት፣ ንብረት ክፍል ተመድበው አካፋና ወንበር እያስረከቡ ኖሩ። እኔም ሻንቶ ሥራ አግኝቼ ሄድኩ። አቤቱታ አላቀረቡም ወይ ትሉ ይሆናል። አቅርበዋል። በየቢሮው በር ላይ ቆመዋል። አንዱ ስብሰባ ላይ ነው፣ አንዱ መስክ ወጥቷል፣ አንዱ ደግሞ ያው አለቃ ራሱ ነው።

ባክቴሪያዎቹ ግን አልሞቱም። ቤተ ሙከራው የተዘጋ ዕለት ወይዘሮ ዘነበች ከፍሪጁ ውስጥ የነበሩትን ትንንሽ ብልቃጦች በቦርሳቸው ይዘው ወጡ። ሶዶ ላይ መድኃኒት ቤት ያላት ጓደኛቸው በፍሪጇ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ሰጠቻቸው። ከሥራ ሲወጡ እዚያ እየሄዱ፣ እነዚያን ባክቴሪያዎች ከአሮጌ ምግብ ወደ አዲስ እያዛወሩ ለዓመታት አቆዩአቸው። ያንኑ የግፊት ድስት ይጠቀማሉ። ለምን ይደክማሉ ብዬ ስጠይቃቸው «እነዚህ ዘበኞች ደመወዝ አይጠይቁም፤ ቢያንስ አይራቡ» አሉኝ። ፈገግ ብለው ነው ያሉት። እኔ ፈገግ ማለት አልቻልኩም፣ አሁንም አልችልም።

ዘንድሮ እንደገና ሁለት መደብ አዘጋጁ። ማንንም አላስፈቀዱም፤ መሬቱ የአቶ አንጁሎ ነው። በመዝሪያው ሰሞን ግን ኩላሊታቸው እግራቸውን አሳብጦ መንቀሳቀስ ከለከላቸው። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ዘሩን አብረን አሸነው። ጆንያውን በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ፣ እንዳስተማሩኝ ታቅፌ ገሱባ አደረስኩት። ስመለስ መጀመሪያ የጠየቁኝ በመስኮት በኩል ተቀምጬ እንደሆነ ነው።

ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል ሳያቸው አቀንጭራው ብቅ ማለት ጀምሮ ነበር። ነገርኳቸው። የታሸው መደብስ አሉኝ። እዚያማ አልፎ አልፎ ብቻ ነው አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ እጄን ይዘው «ታደሉ፣ እኔ ብኖርም ባልኖርም ሳይቆጠር እንዳይነቀል» አሉ። አደራ ያሉኝ ይህንን ብቻ ነው። ስለ ቤታቸው፣ ስለ ቀብራቸው ምንም አላሉም።

ቀብራቸው ላይ ሕዝብ ሞልቶ ነበር። መጋቢው ጸለዩ፣ መዘምራኑ ዘመሩ። የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ ማን ተነሣ? አለቃው! ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ድምፁን ሰብሮ፣ ታታሪ፣ ትሑት፣ ለአረም መከላከል የተሰለፉ ጀግና እያለ አነበበ። ስለ ንብረት ክፍል አልተነበበም። ስለ ተነቀለው መደብ አልተነበበም። በመጨረሻ ወረቀቱን አጥፎ፣ ለመታሰቢያቸው እንዲሆን በመጪው ቅዳሜ ሁላችንም ወደ አቶ አንጁሎ ማሳ ወርደን በስማቸው የአረም ነቀላ ዘመቻ እናደርጋለን አለ። ሰዉ አሜን አለ።

የመቃብሩ አፈር ገና እርጥብ ነው፣ እኔ ግን ከሴቶቹ መካከል ተነሥቼ ጮኽኩ። «ሁለተኛ ልትገድሏቸው ነው! አንድ ጊዜ በቁማቸው ነቅላችኋቸዋል፣ አሁን ደግሞ በሬሳቸው ላይ!» አልኩ። ሽማግሌዎች ያዙኝ። ሐዘኑ ጎድቷት ነው አሉ። አንዲት እናት ውኃ አጠጡኝ። አለቃው በአዘኔታ ራሱን ነቀነቀልኝ። ከስድብ ሁሉ የባሰብኝ ያ ነው።

ይህን ሁሉ ያዩት አቶ አንጁሎ ከሕዝቡ ተለይተው መጡ። እኚህ አዛውንት ብዙ አይናገሩም። አማርኛቸውም የገበያ አማርኛ ነው። «ልጄ፣ አትጩህ። ዘነበች እኮ እህቴ ነው። እህቴ ሲሞት ለቅሶ የት ነው የምቀመጠው? እኔ ቤት ነው። እኔ ማሳ ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ከገሱባ ወርጄ ስደርስ ገባኝ። አቶ አንጁሎና የማርቆስ እናት የለቅሶ ድንኳን ተክለዋል። የተከሉት በግቢያቸው አይደለም፤ በማሳው መግቢያ፣ ልክ ያልታሸው መደብ አፍ ላይ ነው። ምንጣፍና አግዳሚ ወንበር በመደቡ ዳር ዳር ዙሪያውን ተደርድሯል። የመንደሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ከመሀላቸው አቀንጭራው ሐምራዊ አበባውን ይዞ ቆሟል። ወደ መደቡ ለመግባት ሐዘንተኛ ረግጦ ማለፍ ያስፈልጋል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው በወላይታ ምድር አልተወለደም።

ዘመቻው መጣ። መኪና፣ ባነር፣ ቲሸርት፣ ከየቀበሌው የተጠራ ሰው። በድንኳኑ ፊት ሲደርሱ ሁሉም ቆመ። ለቅሶ የደረሰ ሰው የሚያደርገው የታወቀ ነው። ተራ በተራ እየገቡ አጽናኑና ተቀመጡ። አለቃውም ምን ያድርግ፣ ገብቶ እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ተቀመጠ። የተሰጠው ወንበር ከአረሙ ፊት ለፊት ነበር። ከጀርባው የታሸው መደብ አለ፤ ማሽላው ከሰው በላይ ቁመቱን መዝዞ፣ ራሱ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ከፊቱ ደግሞ የከሰለ፣ ቢጫ የሆነ፣ በሐምራዊ አበባ የተከበበ ማሽላ። በአንድ ወንበር ዙሪያ፣ በአንድ አፈር ላይ። የማርቆስ እናት የተቀቀለ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ አቀረቡለት።

አለቃው ቀስ ብሎ ወደ አቶ አንጁሎ ዘንበል አለና ነቀላው መቼ ይጀመር አለ። አቶ አንጁሎ ወደ መሬት እያዩ መለሱለት።

«ለቅሶ ላይ ነን። ለቅሶ ላይ ሥራ የለም።»

ሰውዬው ፊቱን አዞረ። መጀመሪያ ወደ ፊት አየ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ የታሸውን መደብ አየ፣ ተመልሶ ወደ ፊት አየ። ምን እንዳሰበ አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። ቦይናውን ሳይጨርስ ተነሣና ወደ መኪናው ሄደ። አብረውት የመጡት ገበሬዎች ግን አልሄዱም። ሁለቱን መደቦች እያነጻጸሩ ዘሩን ከየት እንደሚያገኙ አቶ አንጁሎን ይጠይቁ ነበር። ይህ እንኳ ቁጣዬን አላበረደውም፤ ያን ዓመት ያን መደብ ባይነቅሉት ኖሮ ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ወይዘሮ ዘነበች ራሳቸው ነበሩ።

ድንኳኑ አበባው እስኪሞላ ድረስ አልፈረሰም። የመንደሩ ሰው በየተራ መጥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ረጅም ለቅሶ በሰፈሩ አይታወቅም፤ ማንም ግን ለምን አላለም።

እትዬ ዘነበች፣ አሁን ለእርስዎ ነው የምናገረው። አይቀየሙኝ፣ ቀብርዎ ላይ ጮኽኩ። መቃብርዎ ላይ አበባ አላመጣሁም፤ ከዚያ አበባ አንድ ዘለላ ከማሳው ብናወጣ ምን እንደሚሉን ሁላችንም እናውቃለን። ያዋረደዎትን ሰው ይቅር አላልኩም። እርስዎ ይቅር ብለውት እንደሆነ እርሱ የእርስዎ ነው፤ እኔ ገና ነኝ። ብልቃጦችዎ በመድኃኒት ቤቱ ፍሪጅ ውስጥ በሕይወት አሉ፤ ባለፈው ሳምንት ወደ አዲስ ምግብ አዛውሬአቸዋለሁ። ድስቱን ልጅዎ ሰጥታኛለች።

ትናንት፣ ሽማግሌዎቹና የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ባሉበት፣ አቶ አንጁሎ ከአንዱ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጀመርን። ያልታሸውን መደብ ስንጨርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች፤ ወገባችን አልቃና አለን። የታሸው ግን ሥራው ሳይሞቀን አለቀ። አቶ አንጁሎ እንዳልተሳሳቱ ለማረጋገጥ ደግመው ገቡ። ከዚያ በኋላ አንድም ዘር ሳናራግፍ ጆንያ ውስጥ እየከተትን ነቀልነው፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አቃጠልነው፣ የማርቆስ እናትም ድንኳኑን አፈረሱ።

ቆጥረን ነው የነቀልነው፣ እትዬ። በሰላም ይረፉ።